ዓሣው በሚታይበት ቦታ የለም፦ በደጋን ዓሣ መውጋትን ቤት ውስጥ ስለ መለማመድ

በስልክ ከሚዘዋወሩት አጫጭር ቪዲዮዎች መካከል፣ ጀልባ ጫፍ ላይ ቆሞ ደጋን የሚስብ ሰው፣ ከዚያም ክር አስከትሎ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ፍላጻ፣ በመጨረሻም ክሩ ሲሳብ አብሮ የሚወጣ ትልቅ ዓሣ የሚታይባቸው ጥቂት አይደሉም። ቪዲዮውን ያየ ሰው በአብዛኛው ሁለት ነገር ይገምታል፤ አንደኛው ይህ የጠንካራ ክንድ ሥራ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዓሣው ላይ አነጣጥሮ መልቀቅ ይበቃል የሚል ነው። ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው። በተለይ ሁለተኛውን ግምት ይዞ ውሃ ዳር የወረደ ሰው፣ ከዓሣው ጀርባ ያለውን ጭቃ ሲወጋ ይውላል።

አራት ኪሎ፣ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ለሚኖር ሰው ስህተቱ ከሌላው ይልቅ ውድ ነው፤ ምክንያቱም ዓሣ ያለበት ሐይቅ ለመድረስ ቢያንስ እስከ ቢሾፍቱ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዝዋይ መንዳት ያስፈልገዋል። ደግነቱ፣ ከሥራው ውስጥ ትልቁና አስቸጋሪው ክፍል ሐይቅም ሆነ ደጋን ሳያስፈልገው፣ በጠባብ የጋራ ግቢ ወይም በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሊለመድ የሚችል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው የትኛው ክፍል እንደሚለመድ፣ እንዴት እንደሚለመድና የትኛው ክፍል ደግሞ እቤት ፈጽሞ መሞከር እንደሌለበት ነው።

በደጋን ዓሣ መውጋት ምን ዓይነት አሠራር ነው?

በመንጠቆ ወይም በመረብ የሚያሰግር ሰው ዓሣው ወደ እሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። በደጋን የሚወጋ ሰው ግን ዓሣውን በዓይኑ አይቶ፣ ለይቶና መርጦ ነው የሚለቅበት። ድርጊቱ በስፋት የሚታወቀው በአሜሪካ ሲሆን፣ እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚወጋው ካርፕ የተባለው ዓሣ ነው። ሐሳቡ ግን ለእኛም አገር ባዳ አይደለም፤ በጋምቤላ ዓሣን በጦር መውጋት ከጥንት የቆየ ሙያ ነውና፣ የጦሩ ባለቤት የሚገጥመው ችግርና የደጋኑ ባለቤት የሚገጥመው ችግር አንድ ነው።

መሣሪያው ከተራ ደጋን የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ፍላጻው ብዙውን ጊዜ ከፋይበርግላስ የሚሠራና ከበድ ያለ ሲሆን፣ ጭራው ላይ ላባ የለውም፤ ላባ አየር ውስጥ ፍላጻን ቢያቀናም ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን አቅጣጫ ያስቀይረዋል። ጫፉ ላይ፣ የተወጋው ዓሣ እንዳይሾልክ የሚይዙ ወደ ኋላ የሚከፈቱ ጥርሶች አሉት። በፍላጻውና በደጋኑ መካከል ደግሞ ጠንካራ ክር አለ፤ ክሩ የሚጠመጠምበትን ዕቃ በዚህ ጽሑፍ ማጠንጠኛ እንለዋለን። የደጋኑን ሁለት ጫፎች የሚያገናኘውን ገመድ ደግሞ ጅማት እንላለን፣ ከክሩ ጋር እንዳይምታታ።

ዓሣው በሚታይበት ቦታ የማይገኘው ለምንድን ነው?

ዓሣውን የምናየው ከአካሉ ተነስቶ ወደ ዓይናችን የሚመጣ ብርሃን ስላለ ነው። ብርሃን አየር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሲሆን፣ ውሃ ውስጥ ሲሆን ግን ፍጥነቱ ወደ 225,000 ይወርዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ፍጥነቱ ስለሚለወጥ መንገዱም ይታጠፋል። በትምህርት ቤት መጽሐፍ የብርሃን ስብረት የሚባለው ይኸው ነው።

ነገሩን በእጅ ጋሪ መመሰል ይቻላል። በአስፋልት ላይ የሚገፋ ጋሪ በሰያፍ ወደ ጭቃ ሲገባ፣ አስቀድሞ ጭቃውን የነካው ጎማ ይዘገያል፤ ሌላኛው ጎማ ግን ገና አስፋልት ላይ ስለሆነ በቀድሞው ፍጥነት ይቀጥላልና ጋሪው ወደ ዘገየው ጎማ ይዞራል። ጋሪው በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ከገባ ግን ሁለቱም ጎማዎች እኩል ስለሚዘገዩ አይዞርም። ብርሃንም እንደዚሁ ነው፤ ከላይ ቀጥ ብለን ቁልቁል ስናይ ዓሣው ወደ ጎን አይሸሽም፣ ጥልቀቱ ብቻ አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ይመስላል። በሰያፍ ስናይ ግን መታጠፉ ይበረታል፤ ሰያፉ በጨመረ ቁጥርም ስህተቱ ይጨምራል።

አእምሯችን ይህን መታጠፍ አያውቅም። ብርሃን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ እንደመጣ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ዓሣውን ካለበት ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ፍላጻው ግን ብርሃን አይደለም፤ እንደ ብርሃኑ አይታጠፍም፣ በተለቀቀበት አቅጣጫ ይቀጥላል እንጂ። ለዚህ ነው ዓሣው ላይ በትክክል ያነጣጠረ ሰው በትክክል የሚስተው።

የስብረቱ ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1621 በደረሰበት ሆላንዳዊ፣ በቪሌብሮርድ ስኔል ስም ነው። ይሁን እንጂ በባግዳድ ይሠራ የነበረው ኢብን ሳህል ከእሱ 600 ዓመታት በላይ ቀድሞ በ984 አካባቢ ጽፎታል። በእኛ ቋንቋም ለዚህ ጉዳይ የምትስማማ ቃል አለች፤ ዝናብ ሲያባራ ሰማይ ላይ የሚዘረጋው ቀለም የሚፈጠረው የፀሐይ ብርሃን በውሃ ጠብታዎች ውስጥ በመታጠፉና በመንጸባረቁ ሲሆን፣ አባቶች ስሙን ያወጡለት ከደጋን ነው፦ ቀስተ ደመና።

ስህተቱ ምን ያህል ነው?

ዓይኑ ከውሃው ወለል 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ በሐይቅ ዳር የቆመን ሰውና ከውሃው ወለል 30 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ የሚዋኝን ዓሣ እንውሰድ። በስብረቱ ሕግ ሲሰላ፣ ዓሣው 1 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ፣ በሚታይበት ቦታ ላይ የተነጣጠረ ፍላጻ ከዓሣው ወደ 9 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። ዓሣው 3 ሜትር ላይ ሲሆን ልዩነቱ 16 ሴንቲሜትር ያህል ይደርሳል፤ 6 ሜትር ላይ ደግሞ ከ20 ሴንቲሜትር ይበልጣል። አንድ መካከለኛ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከጀርባው እስከ ሆዱ ከዚህ ያነሰ ስፋት ስላለው፣ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ፍላጻው የሚያልፈው ሳይነካው ነው ማለት ነው። ጥልቀቱ በእጥፍ ከጨመረ ስህተቱም በግምት በእጥፍ ያድጋል፤ 3 ሜትር ላይ 60 ሴንቲሜትር የጠለቀ ዓሣ 30 ሴንቲሜትር ያህል ያሳስታል።

በአሜሪካ ያሉ ወጊዎች ለዚህ ቀላል መለኪያ አላቸው። ወደ ሜትር ሲመለስ፣ ዓሣው 3 ሜትር ርቆ 30 ሴንቲሜትር ከጠለቀ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርገህ አነጣጥር፣ ርቀቱ ወይም ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ይህንም እጥፍ አድርግ የሚል ነው። ከላይ ካሰላነው ያነሰ የሆነበት አንዱ ምክንያት እነሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት ከፍ ባለ የጀልባ መድረክ ላይ መሆኑ ነው፤ ዓይን ከፍ ሲል ሰያፉ ይቀንሳል። ከመሬት ሆኖ የሚወጋ ሰው ይህን መለኪያ እንዳለ ቢወስደው አሁንም ከፍ ብሎ ይስታል።

ቁጥሮቹን መሸምደድ ግን የትም አያደርስም። ዓሣ ለስሌት ጊዜ አይሰጥም፤ በእስያ የሚኖርና ከውሃ ውስጥ ሆኖ ውሃ እየተፋ ከላይ ቅጠል ላይ ያለ ነፍሳትን የሚጥል አንድ የዓሣ ዘር እንኳ ስብረቱን አርሞ የሚመታው ሒሳብ ተምሮ አይደለም። ሰውም ይህን የሚያገኘው በመደጋገም ነው፤ ለመደጋገም ደግሞ ሳፋ ይበቃል።

በሳፋና በድንች እንዴት ይለመዳል?

የመጀመሪያው ነገር ማመን ነው፤ ለማመን ደግሞ አንድ የብረት ብርና አንድ ጣሳ በቂ ናቸው። ሳንቲሙን ጣሳው ውስጥ አስቀምጠው፣ በጣሳው ጠርዝ እስኪጋረድ ድረስ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሽሹ፤ ከዚያ ሳይነቃነቁ ሌላ ሰው ቀስ እያለ ውሃ ይጨምርበት። የተሰወረው ሳንቲም ከነአንበሳው ብቅ ይላል። ሳንቲሙ አልተንቀሳቀሰም፣ የተመልካቹም ዓይን አልተንቀሳቀሰም፤ የተለወጠው የብርሃኑ መንገድ ብቻ ነው።

ዋናው ልምምድ ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ አንድ ድንችና የመጥረጊያ እንጨት ይፈልጋል። ድንች የተመረጠው ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ነው። ሳፋው እስከ 20 ሴንቲሜትር በውሃ ይሞላል፣ ድንቹ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ተለማማጁም ከሳፋው ጥቂት ራቅ ብሎ ዱካ ላይ ይቀመጣል። የእንጨቱን አንድ ጫፍ ከጉንጩ አጠገብ፣ ሌላውን ጫፍ ከውሃው በላይ አድርጎ፣ ልክ በፍላጻ እንደሚያነጣጥር ድንቹ ላይ ያነጣጥራል። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍንና እንጨቱን አቅጣጫውን ሳይለውጥ ቀጥ አድርጎ ይገፋዋል።

ዓይን መጨፈኑ ቀልድ አይደለም፣ እንዲያውም የልምምዱ ቁልፍ ነው። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ዓይኔን ገልጬ ነበርና ድንቹን በየሙከራው አገኘሁት፤ ስብረት የሚባለው ነገር ሁሉ የተጋነነ መስሎኝም ነበር። በኋላ እንደገባኝ፣ እንጨቱ ውሃ ውስጥ እንደገባ እሱም የተሰበረ ሆኖ ስለሚታይ፣ እጄ ሳላውቀው የተሰበረውን እንጨት ወደ ድንቹ ምስል እየመራ ያርመው ነበር። የተለቀቀ ፍላጻን ግን መንገድ ላይ የሚያርመው እጅ የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ስገፋ እንጨቱ በድንቹ አናት ላይ አልፎ ከጀርባው ያለውን የሳፋ ወለል መታ፤ በኳኳታው ድምፅ የወጡት ጎረቤታችን እትዬም ድንቹን ለወጥ ብፈልገው በእጄ ማውጣት እንደሚቀል መከሩኝ።

በዚህ አቀማመጥ ስህተቱ 7 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ የአንድ ድንች ስፋት ያህል። ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃ ከሚታየው ድንች አንድ ድንች ያህል ዝቅ አድርጎ ማነጣጠርና እንደገና ዓይን ጨፍኖ መግፋት ይሆናል። ይህ ሲሳካ ዱካውን ወደ ኋላ ማራቅ፣ ከዚያ ውሃውን መቀነስና መጨመር፣ ከዚያ ድንቹን ሌላ ሰው ቦታውን እየቀያየረ እንዲያስቀምጠው ማድረግ ይቻላል። ዝቅ ማለት ያለበት መጠን ከርቀትና ከጥልቀት ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ሰውነት የሚማረው እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ 10 ደቂቃ ከአንድ ቅዳሜ ሙሉ ይሻላል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሳፋው ውሃ እንዳይደፋ፤ ከልምምድ በኋላ ለልብስ ወይም ለመጸዳጃ ቤት ይውላል። ሕፃናት ባሉበት ግቢ ደግሞ ውሃ የሞላ ሳፋም ሆነ በርሜል ክፍቱን ጥሎ መሄድ ለሕይወት አደገኛ ነው።

ክንድና ጣትስ አይለማመዱም?

ይለማመዳሉ፣ ግን የሚፈለገው ጉልበት ሰዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚውሉ ደጋኖች ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 23 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል የሚሳቡ ናቸው። መካከለኛው፣ 18 ኪሎ ገደማ የሆነው፣ በውሃ ከተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ ይቀላል፤ ልዩነቱ ጀሪካኑ በሙሉ መዳፍ ሲነሳ ጅማቱ የሚሳበው በሦስት ጣት መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ መሳብ አያደክምም፣ ቀኑን ሙሉ መሳብ ግን ትከሻን ያንቀጠቅጣል፣ የሚንቀጠቀጥ ትከሻም ከስብረቱ የበለጠ ያሳስታል።

ደጋን የሌለው ሰው ከጎሚስታ ቤት አሮጌ ካላማዳሪያ ለምኖ፣ እንደ መቀነት ቆርጦ፣ አንዱን ጫፍ በተዘረጋ የግራ እጁ ይዞ በቀኙ እስከ ከንፈሩ ጥግ ድረስ ሊስበው ይችላል። ጣቶቹ ሁልጊዜ ፊቱ ላይ አንድ ቦታ መድረስ አለባቸው፤ በዚህ ሥራ በአብዛኛው ማነጣጠሪያ ስለማይገጠም፣ ያ ቦታ በተለዋወጠ ቁጥር ፍላጻው የሚሄድበትም ይለዋወጣል። ሦስት ሴኮንድ ይዞ ቀስ ብሎ መመለስ ይበቃል። እውነተኛ ደጋን ያለው ሰው ግን ፍላጻ ሳይኖርበት ጅማቱን ስቦ በፍጹም መልቀቅ የለበትም፤ ፍላጻው ይወስደው የነበረው ኃይል ወደ ደጋኑ ተመልሶ ይሰነጥቀዋል።

ከዚህ በፊት ግን የትኛው ዓይን እንደሚመራ መታወቅ አለበት። ሁለት እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ መተውና በቀዳዳው ሩቅ ነገር፣ ለምሳሌ የአራት ኪሎን የድል ሐውልት ጫፍ፣ ማየት ነው። አንድ ዓይን ሲጨፈን ሐውልቱ ከቀዳዳው ካልጠፋ፣ የሚመራው ክፍቱ ዓይን ነው። ደጋኑ የሚሳበው ከዚያ ዓይን ጎን ባለው እጅ ቢሆን ይመረጣል።

ክሩ ከፍላጻው ይልቅ የሚያሳስበው ለምንድን ነው?

በዚህ ሥራ ወጊውን ራሱን የሚጎዳው ትልቁ አደጋ ከክሩ ይመጣል። ክሩ ከፍላጻው ጭራ ጋር ብቻ ከታሰረ፣ ጅማቱ ላይ ወይም ከእሱ ኋላ ሊጠላለፍ ይችላል። እንዲህ ሆኖ ሲለቀቅ፣ በሙሉ ፍጥነት የወጣው ፍላጻ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ድንገት ይያዝና፣ እንደ ላስቲክ የተወጠረው ክር ወደ ለቀቀው ሰው ፊት ይመልሰዋል። መፍትሔው ክሩን በፍላጻው ርዝመት ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተት ቀለበት ላይ ማሰር ነው። ጅማቱ ሲሳብ ቀለበቱ ከደጋኑ ፊት ለፊት ይቀራል፣ ሲለቀቅ ወደ ጭራው ይንሸራተታል፤ ክሩ ጅማቱ አጠገብ የሚደርስበት ጊዜ አይኖርም።

ሌላው መንስኤ ማጠንጠኛው ነው። አንዳንዱ ክሩን የሚለቀው አዝራር ሲጫኑት ብቻ ስለሆነ፣ ተቻኩሎ አዝራሩን የረሳ ሰው የተቆለፈ ክር ላይ ፍላጻ ይለቃል። ክሩ እንደ ጠርሙስ ባለ ዕቃ ውስጥ ላላ ብሎ የሚከማችበት ዓይነት ይህ ችግር የለበትምና ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነው።

እቤት የሚለመደው እንግዲህ ሳይለቁ መፈተሽ ነው፦ ከመሳብ በፊት ቀለበቱን በጣት መንካት፣ ክሩ ጅማቱን፣ የእጅ ሰዓትን ወይም የጃኬት ዚፕን አለመንካቱን ማየት፣ ማጠንጠኛውን መፈተሽ። በር ቆልፎ መያዣውን ደግሞ እንደሚሞክር ሰው እጅ ሳያስበው እስኪሠራው ድረስ ይደጋገማል።

ግቢ ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ቢለቀቅስ?

በመሐል አዲስ አበባ፣ አይለቀቅም። የቆርቆሮ አጥር እንዲህ ያለውን ከባድ ፍላጻ ያቆማል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ከአጥሩ ማዶም ሁልጊዜ ሰው አለ። የሳፋ ውሃም ቢሆን መከላከያ አይሆንም፣ በጣም በሰያፍ የገባ ፍላጻ የውሃውን ገጽ ነጥሮ ሊያልፍ ይችላል። ፍላጻ የሚለቀቅበት ልምምድ ሰፊና ከሰው የራቀ መሬት፣ ከኋላውም የአፈር ክምር ይፈልጋል።

ውሃው ጋ ሲደረስ ምን ይለያል?

በቅድሚያ፣ ውሃው ሳፋ ውስጥ እንዳለው ጥርት ያለ አይሆንም። ዝዋይ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ቢሆንም ደፍራሳ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ በመሆናቸው ብዙዎቹ ከዳሩ ጀምረው ይጠልቃሉ። ጥልቀት ፍላጻውን ያሸንፈዋል፤ ውሃ ከአየር ከ800 እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ከ1 ሜትር በታች ያለ ዓሣ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ አብዛኛው አልቋል። ዝዋይ ጉማሬም አለበት፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለው ቀልድ ሊሆን የማይችልበት ቦታ ነው። በአገራችን የዓሣ ሀብት የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ሲሆን፣ አንድ ሰው ደጋን ጭኖ ከመውጣቱ በፊት በሐይቁ ላይ ምን እንደሚፈቀድ የሚመለከተውን የክልል ቢሮ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ልዩነት የገጹ ነጸብራቅ ነው። ፖላራይዝድ የሚባለው መነጽር ከውሃ ገጽ የሚንጸባረቀውን ብርሃን በከፊል ያግዳልና ዓሣውን ይገልጣል፤ ዓሣው ያለበትን ቦታ ግን አያርመውም፣ ዝቅ አድርጎ ማነጣጠሩ እንዳለ ይቀራል። ፖላራይዝድ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ እውነተኛ ስላልሆነ፣ ሁለት መነጽሮችን አነባብሮ በመስታወቶቹ ወደ ብርሃን እያዩ አንዱን ማዞር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም እውነተኛ ከሆኑ ሩብ ዙር ላይ ሲደርስ ይጨልማል።

ሦስተኛው፣ ዓሣ እንደ ድንች አይደለም። በመንጠቆ የተያዘ ትንሽ ዓሣ ሊመለስ ይችላል፣ የተወጋ ግን አይመለስም፤ ክፉኛ ቆስሎ ካመለጠም ውሃው ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ አምባዛ ይሁን ቆሮሶ፣ ትልቅ ይሁን ጫጩት ያልለየ ሰው ጅማቱን ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ በካላማዳሪያው ሦስት ሴኮንድ ይዞ መመለስን የለመደውም ለዚሁ ነው።